የእናቴ ስም በጥርብ ፊደል

ወገኖቼ፣ እኔ ሲፈጥረኝ ተጠራጣሪ ነኝ። ሰው ፈገግ ብሎ ሰላም ሲለኝ «ምን ፈልጎ ነው?» የምል ዓይነት። ባለቤቴ ራሔል «አንተ እኮ ሎተሪ ቢደርስህ ቁጥሩን ማን ነካካው ትላለህ» እያለች ትስቅብኛለች። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ጸባዬን ልታውቁልኝ ስለሚገባ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ቅጠሉ ረግፎ ውርጩ በጀመረበት ሰሞን፣ የማውቀውን ሰው ሁሉ የጠረጠርኩባቸው ቀናት ነበሩ። ባለቤቴን ጨምሮ። አንድ ሰው ብቻ ሳልጠረጥር ቀረሁ፤ እሱም እኔው ነኝ።

የምኖረው በስደት አገር፣ ከሴንት ፖል ብዙ በማትርቅ ኒው ሆፕ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የምሠራው ደግሞ ጎረቤቷ ክሪስታል ውስጥ አንዲት የማስታወቂያ ሰሌዳና ባነር የሚሠራ ቤት ነው። የምግብ ቤት ሰሌዳ እሠራለሁ፣ ቫን ላይ ስቲከር እለጥፋለሁ። ለሐበሻ ደንበኛ ስሠራ ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ነገር ነበር። እንግሊዝኛው ደረቱን ነፍቶ ሲቆም፣ አማርኛው ከጎኑ ታሞ እንደተነሳ ሰው ይቀጥናል። ኮምፒውተር ላይ ያሉት ፊደሎቻችን አብዛኞቹ ለመጽሐፍ የተሠሩ ናቸው። ለሰሌዳ ሲያሳድጓቸው አቅም ያጣሉ።

ስለዚህ የራሴን መሳል ጀመርኩ። ወፍራም፣ ማዕዘን ማዕዘኑ የወጣ፣ ከሀይዌይ ላይ በመኪና እያለፉ የሚነበብ ፊደል። የ«መ» ክብ ሆዶች በአራት ማዕዘን ተተኩ። የ«ለ» እግር በመጥረቢያ የተቆረጠ መሰለ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! የኛን ፊደል ከወንድሙ የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። እግሩን ሲያወፍሩት ቅጥያዋ ትዋጣለች፣ ቅጥያዋን ሲያተልቁ ደግሞ ፊደሉ ጉብጥ ይላል። ስሙን «ጥርብ» አልኩት፣ እንደ ጥርብ ድንጋይ። ሠርቼ ስጨርስ ለራሔል አሳየኋት።

«ይሄ ፊደል ሰው ላይ የሚጮህ ነው የሚመስለው» አለች። «ምን አድርገነው ነው?»

አኮረፍኳት። ጥርብን ለማንም አልሰጠሁም፣ ለምንም አልተጠቀምኩበትም። ለእሱ የሚመጥን የመጀመሪያ ሥራ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነበር።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። የድሮውን አንድ በአንድ ትተርካለች፣ የዛሬውን ግን መርሳት ጀምራለች። አንዳንድ ቀን እኔን በሟች ወንድሟ ስም ትጠራኛለች። አንድ ቀን ምድጃ ለኩሳ ረስታው ወጥ ቤቱ በጭስ ሲሞላ፣ ራሔል የምድጃውን ማዞሪያዎች ነቅላ ደበቀች። እናቴ ይህን እንደ ስድብ ቆጠረችው። «በልጄ ቤት እሳት ተከለከልኩ» ብላ ከራሔል ጋር ሰላምታ ብቻ ሆኑ። ራሔል በበኩሏ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ማታ ማታ ትሠራለች፣ ቀን ደግሞ እናቴን ትጠብቃለች። በዚያው ሳምንት «ይልማ፣ ይሄ ነገር ከአቅማችን በላይ እየሆነ ነው። የሚንከባከቧቸው ቦታ ብንፈልግላቸውስ?» ብላኝ ነበር። እኔም ቃሏን በሆዴ ያዝኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ራሔል ደወለች።

«ይልማ፣ እማማ የሉም።»

«የሉም ማለት?»

«ከሥራ ገብቼ ትንሽ ጋደም አልኩ። ስነሳ አልጋቸው ባዶ ነው። ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች አይቻለሁ።»

«ሰንሰለቱስ?»

በራችን ላይ ከፍ አድርገን ያስገጠምነው ሰንሰለት አለ። እናቴ አጭር ስለሆነች አይደርሳትም።

«እኔ ራሴ ዘግቼው ነበር። አሁን ግን ክፍት ነው» አለች።

በቃ፣ እዚያው ላይ አንድ ክፉ ሐሳብ ብቅ አለ። እናቴ ካልደረሰችበት፣ ማን ከፈተው? ልጃችን ቤቲ ትምህርት ቤት ናት፣ ቤት ውስጥ የነበረችው ራሔል ብቻ። ሐሳቡን ወዲያ ገፋሁት፤ ግን አልሄደም።

እናቴ ካፖርቷን ትታ በሹራብ ብቻ ነው የወጣችው። ውርጩ እንኳን አሮጊት ጎረምሳ ይጥላል። ፖሊሶች መጡ፣ ደጎች ነበሩ፣ ፎቶዋን ወስደው ሄዱ። ግን እናቴ ዩኒፎርም ስታይ የምትደበቅ ሴት ናት፣ እንግሊዝኛም አታውቅም። «የሚያገኛት የኛ ሰው ነው» አልኩ። ጓደኛዬ ጌታቸው ፎርት ስኔሊንግ አካባቢ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ስደውልለት «አይዞህ ይልሜ፣ ሾፌሩን ሁሉ አሰማራለሁ» አለኝ። እውነትም ቀኑን ሙሉ ሾፌሮች ከተማውን ሲያስሱ ዋሉ።

እኔ ወደ ሥራ ቦታዬ ሮጬ ማስታወቂያ ልሠራ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ጥርብ ትዝ አለኝ። ከሩቅ የሚታይ ፊደል አይደል የሠራሁት? ከዚህ የበለጠ ምን ሥራ ይመጣል? ነጠላዋን ተከናንባ የተነሳችውን ኮስተር ያለ ፎቶ መሐል ላይ አደረግኩ። ከላይ በጥርብ «ወይዘሮ አስካለ ተሰማ» ብዬ ጻፍኩ። ስሟ ሲያምር! አሳደግኩት፣ ደግሞም አሳደግኩት። በቀለም ሞከርኩት፣ ደስ አላለኝም። ጥርብ የሚያምረው ጥቁር ሲሆን ነው። ዙሪያውን ማዕዘኑ የተቆረጠ ወፍራም ጥቁር ክፈፍ ሰጠሁት። «ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ከቤታቸው ወጥተው አልተመለሱም። ያያችሁ እባካችሁ ደውሉልን» የሚለው ቦታ ስላጣ ከታች አሳንሼ አስገባሁት። ፕሪንት አድርጌ ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ ክሪስታል ያለው የእትዬ ዘውዴ ሱቅ ስደርስ ተዘግቶ ነበር። የሐበሻ ነገር ሁሉ የሚሸጥበት፣ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ሱቅ ነው። በሩ ላይ ከውጭ ለጠፍኩት። ሴንት ፖል ድረስ ወርጄ ባገኘሁት ደጃፍ ሁሉ ለጠፍኩ። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ወደኋላ ሳየው የእናቴ ስም ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል ትንሽ ኮራሁ።

አርብ ጠዋት ወደ እትዬ ዘውዴ ሱቅ ስመለስ ወረቀቱ የለም። መስታወቱ ላይ የቀረው የፕላስተሩ ጫፍ ብቻ ነው። እትዬ ዘውዴ ከባንኮኒው ጀርባ ስታየኝ ደነገጠች። ከዚያ ወጥታ አቀፈችኝ። ለረጅም ጊዜ አቀፈችኝ፤ ሴትዮዋ እኮ ከዚያ በፊት እጄን እንኳ ጨብጣኝ አታውቅም።

«እትዬ ዘውዴ፣ በሩ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ማን አነሳው?»

«የምን ወረቀት? እንጃ ልጄ። ንፋስ ይሆናል። ይልቅ ምግብ በልተሃል? በርታ እሺ?»

ንፋስ! አራት ጎኑን በፕላስተር ያሰርኩትን? ሌላ ሱቅ ሄድኩ፣ የለም። ሴንት ፖል የለጠፍኩት ቦታ ሄድኩ፣ እዚያም የለም። ካሸሪዋ አቀርቅራ «ባለቤቱ ናቸው የሚያውቁት» አለችኝ። አንድ ሰው ተከታትሎ እየነቀለው ነው ማለት ነው። ማነው እናቴ እንዳትገኝ የሚፈልግ?

ጌታቸው ጋ ደወልኩ። ባለሁበት ድረስ መጣ።

«ቁልፉን ስጠኝ፣ አንተ ድራይቭ አታደርግም» አለኝ።

«ለምን?»

«እንቅልፍ አልተኛህማ። በኔ መኪና እንሂድ።»

አብረን መዞር ጀመርን። እኔ የአውቶቡስ ፌርማታውን፣ የእግረኛ መንገዱን፣ የሱቁን ደጃፍ ሁሉ አያለሁ። ጌታቸው ግን ዓይኑ መንገዱ ላይ ብቻ ነው። ሰው የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይነዳም! «ሾፌሮቹስ ዛሬ የት የት እያዩ ነው?» ስለው «አሉ፣ እያዩ ነው» ብሎ ሬዲዮኑን ነካካ። ስልኬን «ቻርጅ ላድርግልህ» ብሎ ወስዶ በእሱ በኩል አስቀመጠው። ይደወላል፣ አይቶ ያጠፋዋል።

«ማነው?»

«ቴሌማርኬተር ነው፤ ዕቃ ግዙ የሚሉት።»

ነዳጅ ማደያ ቆመን እሱ ሊከፍል ሲገባ፣ ብርድ ስለቆረጠኝ ጌታቸው ከኋላ ያስቀመጠልኝን ጃኬቴን ላወጣ የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ። ጃኬቴ ሥር ወረቀት ተጠቅልሎ ተኝቷል። ገለጥ አደረግኩት። የእናቴ ስም ነው፣ በራሴ ፊደል። ከየበሩ የተነቀሉት ወረቀቶች፣ ፕላስተራቸው እንደተንጠለጠለ።

ወረቀቶቹን እንደነበሩ ሸፍኜ፣ ኮፈኑን ዘግቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጌታቸው! ያንን ክፉ ሐሳብ አሁን መግፋት አቃተኝ። ራሔል ሰንሰለቱን ከፈተች፣ ጌታቸው እናቴን የሆነ ቦታ ወሰዳት፣ አሁን ዱካውን እያጠፉ ነው። እብደት ነው አይደል? ያን ቀን ግን እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር።

ቤት ስንደርስ ራሔል መታጠቢያ ቤት ውስጥ በስልክ እያወራች ታለቅሳለች። በሩን ሳንኳኳ ድምፅዋ ጥፍት አለ። ስትወጣ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። ከጌታቸው ጋር ተያዩ። አየኋቸው፣ ሲተያዩ አየኋቸው። ጌታቸው «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ሹልክ አለ። ቤቲ ከመኝታ ቤቷ ብቅ ብላ «ዳድ፣ ዋይ ኢዝ ኤቭሪባዲ ዊስፐሪንግ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ለምን ያንሾካሽካል ማለቷ ነው፤ ልጅ እንኳ ገብቷታል!

«ራሔል» አልኩ፣ ቤቲ ወደ ክፍሏ ስትመለስ። «ሰንሰለቱን የከፈትሽው አንቺ ነሽ።»

የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘች።

«ስለከበደችሽ ነው አይደል? ምድጃውን ከለከልሻት፣ ቀጥሎ ቤቱን ከለከልሻት። ጌታቸውም ያውቃል። ወረቀቶቹን መኪናው ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ!»

ራሔል ዝም ብላ ነገር የምትሰማ ሴት አይደለችም። አንድ ስናገራት አሥር ትመልሳለች። ያን ቀን ግን ከንፈሯን ነክሳ አየችኝ፣ እንባዋ ወረደ፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። ሾርባ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። «ትንሽ ቅመስ፣ ነገ አቅም ያስፈልግሃል» አለች። ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ሾርባውን አልነካሁትም። ልብ በሉ፣ መርዝ ቢኖርበትስ ብዬ አስቤአለሁ! የገዛ ሚስቴን።

ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። አንድ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀስ ተደርጎ፣ ሰው እንዳይሰማ። በመስኮት ሳይ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና ተደርድሯል። በዚህ ዘመን፣ በዚህ ከተማ፣ ጎህ ሲቀድ መኪና ተደርድሮ ማየት «የኢሚግሬሽን ፖሊስ መጣ» እያሰኘ የመኖሪያ ወረቀት ያለውንም የሌለውንም ያስደነግጣል።

«መብራት አጥፊ! በር እንዳትከፍቺ!» አልኳት ራሔልን።

«የኛ ሰዎች ናቸው ይልማ። ክፈትላቸው» አለች። ለካ ልብሷን ለብሳ ቁጭ ብላለች፤ ጥቁር ልብስ።

ያኔ ገባኝ። ሐበሻ ሆኖ ያ ጠዋት የማይገባው አለ? ጥቁር ካፖርት የለበሱ ወንዶች፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ማንም ማንንም ሳያናግር ደረጃውን ሲወጡ። ከፊት የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ በቀለ፣ ከኋላቸው ጌታቸው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። እትዬ ዘውዴ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ጋሽ በቀለ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ይልማ ልጄ፣ ወንድ ልጅ ነህ፣ በርታ። እናትህ ወይዘሮ አስካለ አርፈዋል።»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ጮህኩ፣ ወደቅሁ፣ ከአራት ሰው እጅ አምልጬ ግድግዳውን በግንባሬ መታሁት። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ራሔል ከሁሉም በላይ «እማማዬ! እማማዬ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ትንሽ ስረጋጋ ተነስቼ ቆምኩ።

«የት ነው ያገኟት? አስከሬኗ የት ነው? ውሰዱኝ፣ ልያት!»

ለቅሶው ቀስ እያለ ቆመ። ጋሽ በቀለ ጌታቸውን አዩት።

«ጌታቸው፣ የት ነው ያሉት?»

«እኔ? እርስዎ አይደሉ እንዴ ትናንት ጠዋት ደውለው የነገሩኝ! አስካለ አርፈዋል፣ ልጃቸው እንዳይሰማ፣ ቅዳሜ እናረዳዋለን አሉኝ። ተገኝተው ነው ብዬ ሾፌሮቹን አስቆምኩ፣ ለራሔል ነገርኳት፣ እሱ እንዳያያቸው ብዬ የቀሩትን ወረቀቶች ለቀምኩ።»

«ሾፌሮቹን አስቆምክ?» አልኩ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከእኛ ሰው ማንም ሲፈልጋት አልነበረም ማለት ነው፣ በዚያ ብርድ።

«እኔ ደግሞ የሰማሁት ከዘውዴ ነው» አሉ ጋሽ በቀለ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «እርግጠኛ ሆና ነው የነገረችኝ። እንዲህ ባለ ነገር ማን ከየት ሰማሽ ብሎ ይመረምራል?»

ሁሉም ወደ እትዬ ዘውዴ ዞረ።

«እኔማ አይቼ ነው!» አለች። «ትናንት ሱቅ ስከፍት በሬ ላይ ተለጥፎ! ልጁ ሳይረዳ እንዲህ መርዶ በግድግዳ የሚለጥፍ የማን ባለጌ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ነቀልኩት። የሌላውንም ሱቅ ሁሉ እየደወልኩ አንሱት፣ ልጁ እንዳያይ አልኳቸው። ይኸው፣ ለጋሽ በቀለ የላኩላቸው ፎቶ!»

ስልኳን ዘረጋችልኝ። ከላይ ያለውን ብቻ ነው ያነሳችው። ጥቁር ክፈፍ፣ ነጠላ የተከናነበች ኮስታራ አሮጊት፣ በላይዋ ላይ በወፍራም፣ በማዕዘናም፣ ከመንገድ ማዶ በሚነበብ ጥቁር ፊደል ሙሉ ስሟ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ከሥሩ ያለውንስ አላነበብሽውም?»

«ምኑን? እንዲህ ያለ ጥቁር ፊደል ለሞት ካልሆነ ለምን ይሆናል? ስማቸውን ሳየው እንባ ጋረደኝ! ከሥሩ ጉንዳን የሚያህል ነገር ነበረ፣ የቀብሩ ሰዓት ነው አልኩ።»

ጌታቸውን ይዤ መኪናው ጋ ወረድኩ። ጥቅሉን አምጥቼ ሳሎኑ መሐል ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁት። «አንብቡት!» ብዬ ጮህኩ። «የለጠፍኩት እኔ ነኝ! ሞተች የሚል የታለ? ጠፋች ነው ያልኩት!»

ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ። በር ላይ የቆመች አንዲት ሴት በሰዎች መሐል ተሽሎክልካ ገባች። ሌንሴ ትባላለች፤ የራሔል የሥራ ባልደረባ ናት፣ እናቴን አይታት አታውቅም። ፎቶውን አየችው። እኔን አየችኝ። እንደገና ፎቶውን አየችው።

«ጋሼ ይልማ» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «እኚህ ሴትዮ… እናቴ ቤት ናቸው።»

«ምን አልሽ?»

«ሴንት ፖል፣ እናቴ ጋ ናቸው! የእናቴ እንግዳ ናቸው ብዬ ነው፣ ብዙ ጊዜ አሮጊቶች እሷ ጋ ያድራሉ። ሐሙስ ማታ አብረው እራት ሲበሉ አገኘኋቸው። ትናንት እትዬ ዘውዴ ሱቅ ስመጣ በሩ ላይ ምንም አልነበረም! ባየው ኖሮ…»

እትዬ ዘውዴ እልልታዋን አቀለጠችው። ጌታቸው «ቆይ፣ ዝም በይ፣ መጀመሪያ በዓይናችን እንይ!» ብሎ ጮኸባት። ለመርዶ የመጣው ሕዝብ ሁሉ ደረጃውን እየተጋፋ ወረደ። ጥቁር የለበሰ ሰው የጫነ መኪና ተሰልፎ ወደ ሴንት ፖል ሲበር ፖሊስ አለማስቆሙ ይገርመኛል። ሌንሴ ተሳስታ ቢሆንስ? ፎቶ ሰው ያመሳስል የለ? ደግሞ መጠርጠር ጀመርኩ።

የሌንሴ እናት አዴ ጫልቱ በሩን ከፈቱ። እናቴ የአዴ ጫልቱን ወፍራም ሹራብ ደርባ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች፣ እጇ ላይ ብርቱካን ትልጣለች። ቀና ስትል ደጃፉ ላይ ጥቁር ለብሶ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ዓይኑ አብጦ የቆመ ሕዝብ አየች። ብርቱካኑ ከእጇ ወደቀ።

«ምነው?» አለች። «ማን ሞቶ ነው?»

እግሯ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሷ ራሴን እየደባበሰች «በሉ ንገሩኝ እንጂ፣ ማነው?» ትላለች። በመጨረሻ እትዬ ዘውዴ እየሳቀች፣ እያለቀሰች ነገሩን አስረዳቻት። እናቴ ጥቂት አሰበች። ከዚያ በር ላይ ያለውን ሰው አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች።

«ጋሽ በቀለ መጥተዋል። የቄሱ ሚስትስ? አልመጣችም? እሺ፣ ይሁን።»

የሐሙሱን ነገር ቀስ በቀስ ሰማን። ሰንሰለቱን የከፈተችው ራሷ ናት፣ በጃንጥላ! የእጀታውን ቆልማማ እያስገባች እንደምትከፍተው በኋላ በኩራት አሳየችን። ብቻዋን አውቶቡስ ይዛ ሴንት ፖል ድረስ ሄዳ ፌርማታ ላይ ስትንቀጠቀጥ አዴ ጫልቱ አገኟት። «ልጆች የሉሽም?» ሲሏት «ልጄ ሩቅ አገር ነው» አለች። አዴ ጫልቱ አማርኛቸው ጥቂት ነው፣ ደግነታቸው ግን ብዙ። ይዘዋት ገቡ። ፖሊስ መንገድ መንገዱን ይፈልግ ነበር እንጂ፣ ሰው ቤት ተቀምጣ ብርቱካን የምትልጥ አሮጊት ማን ይጠረጥራል?

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ስለ ፊደል ግድ የላችሁም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አውቃለሁ። ፊደል ከመነበቡ በፊት ይታያል። ሰው ቃሉን ሳያነብ የቃሉን ፊት ያነባል። እኔ የእናቴን ስም የሞት ፊት ሰጥቼ በየበሩ ለጠፍኩ፣ ከዚያ ማን ገደላት ብዬ ሰው ሳስስ ከረምኩ። ጥርብን አልጣልኩትም። ባለፈው ጊዜ ለልጆች የእግር ኳስ ውድድር ባነር ሠራሁበት፣ በቢጫና በአረንጓዴ፣ ደስ የሚል ሆነ። አሁን ግን አንድ ነገር ከመልቀቄ በፊት እትዬ ዘውዴ ጋ ወስጄ ከመንገዱ ማዶ አቆማትና «ምን ይመስልሻል?» እላለሁ። «ሠርግ ነው» ካለች ሠርግ ነው፣ «ለቅሶ ነው» ካለች እመለሳለሁ። ደግሞ ምክር ልስጣችሁ፣ መርዶ ለመንገር ስትሰባሰቡ ከመካከላችሁ አንድ ሰው «አስከሬኑን ያየ ማነው?» ብሎ ይጠይቅ። ነውር አይደለም። እኔ ጋ አንድ ሰው ጠይቆ ቢሆን እናቴ አንድ ቀን ቀድማ ቤቷ ትገባ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቴን አስተኝተን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ራሔል ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ምን ልበላት? ይቅርታ ማለት በቂ አልመሰለኝም።

«ትናንት ያን ሁሉ ስናገርሽ፣ ለምን አልመለስሽልኝም?» አልኳት።

ውሃውን ዘጋችው። እጇን አደራረቀች፣ ዞር ብላ ግን አላየችኝም።

«እናቱ የሞተችበት ሰው መስለኸኝ» አለች። «ገና ያልሰማ። በምን አፌ እመልስልሃለሁ?»